ሳይጠመቅ የሞተው ንጉሥ

ሜይ 15 ቀን 392 ዓ.ም. የምዕራብ ሮም ንጉሠ ነገሥት ዳግማዊ ቫሌንቲንያን፣ ዛሬ ፈረንሳይ ውስጥ በምትገኘው በቪየን ከተማ፣ በመኖሪያው ተሰቅሎ ተገኘ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ዕድሜው 21 ዓመት ገደማ ነበር። ራሱን አጠፋ ወይስ ሰው ገደለው የሚለው ክርክር በታሪክ ጸሐፊዎች ዘንድ እስከ ዛሬ አልተቋጨም።

ይህ ወጣት በክርስቶስ ያምን ነበር። ነገር ግን አልተጠመቀም። ከመሞቱ ጥቂት ቀደም ብሎ የሚላኑን ጳጳስ አምብሮስዮስን፣ መጥተህ አጥምቀኝ ብሎ አስጠርቶት ነበር። አምብሮስዮስም ጥሪውን ተቀብሎ ተነሣ፤ የአልፕስን ተራሮች በመሻገር ላይ ሳለ ግን የንጉሡ መርዶ መንገድ ላይ ደረሰው። አስከሬኑ ወደ ሚላን ተወስዶ የቀብሩ ሥርዓት ሲፈጸም እኅቶቹ ዩስታና ግራታ እዚያ ነበሩ። ሐዘናቸው የወንድማቸው በወጣትነት መቀጨት ብቻ አልነበረም። ሳይጠመቅ መሞቱ እረፍት ነሥቷቸው ነበር። ታዲያ ወንድማችን ድኗል ወይስ ጠፍቷል?

ወዳጆች ሆይ፣ ይህ ጥያቄ ለእኛም እንግዳ አይደለም። ጌታን ተቀብሎ የጥምቀት ትምህርት የጀመረ ወጣት በድንገት ሲለየን በለቅሶ ቤት ጥግ በሹክሹክታ ይጠየቃል። በሌላ መልኩ ደግሞ በየወጣት ኅብረቱ ይነሣል፤ ድነት በእምነት ከሆነ ጥምቀት ለምን ያስቸኩለኛል የሚል ወንድም ወይም እኅት አይጠፋም። እነዚህ ሁለቱ አንድ ጥያቄ ይመስላሉ። የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ግን የተለያዩ መሆናቸውን ያስተምረናል። የቫሌንቲንያንን ታሪክ ያነሣሁትም ስለዚህ ነው።

ሰዎች ለምን ያዘገዩ ነበር?

በ4ኛው መቶ ዘመን ክርስትና በሮም ግዛት ነጻነት አግኝቶ ነበር። ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚመጣው ሕዝብ በዛ፤ የሚጠመቀው ግን እንደ ብዛቱ አልነበረም። ብዙዎች ዓመታትን በንኡሰ ክርስቲያንነት ያሳልፉ ነበር። ንኡሰ ክርስቲያን የሚባለው ለጥምቀት በመማር ላይ ያለ፣ ቃሉን የሚሰማ፣ ጌታ እራት ሲደርስ ግን የሚወጣ ሰው ነው።

የማዘግየቱ ምክንያት ጥምቀትን መናቅ አልነበረም። እንዲያውም ተቃራኒው ነው። ጥምቀት ያለፈውን ኃጢአት ሁሉ አንድ ጊዜ ያጥባል ብለው ያምኑ ነበር። ከጥምቀት በኋላ ከባድ ኃጢአት የሠራ ሰው በምዕራቡ ቤተ ክርስቲያን የሚፈቀድለት በሕይወቱ አንድ ጊዜ ብቻ የሚደረግ፣ በጉባኤ ፊት የሚፈጸም ብርቱ ንስሓ ነበር። ስለዚህ ሰዉ ማስላት ጀመረ። ዛሬ ተጠምቄ ነገ ከምወድቅ፣ የወጣትነት ጊዜዬ ይለፍ፤ ሹመቴን ልጨርስ፤ በመጨረሻ እጠመቃለሁ ይል ጀመር።

ታላቁ ቆስጠንጢኖስ የዚህ ዋና ምሳሌ ነው። በ325 የኒቅያን ጉባኤ የጠራው እርሱ ነው፤ በጳጳሳቱ መካከል የተቀመጠው ግን ሳይጠመቅ ነበር። የተጠመቀው በ337 በኒቆሜድያ አጠገብ በሞት አልጋው ላይ ሲሆን በዚያው ዓመት ሜይ 22 ቀን አረፈ። ንጉሠ ነገሥት ቴዎዶስዮስም የተጠመቀው በ380 በተሰሎንቄ በጠና ታምሞ ሳለ ነው፤ እርሱ ግን ድኖ ከበሽታው ተነሣ።

የቤተ ክርስቲያን አገልጋዮች ቤተሰብም ከዚህ ልማድ አላመለጠም። የናዚያንዙ ጎርጎርዮስ አባቱ ጳጳስ ነበር፤ እርሱ ግን ወጣት ሆኖ ለትምህርት ወደ አቴና በመርከብ ሲጓዝ ገና አልተጠመቀም። ማዕበል መርከቡን ሲያናውጥ ከሞቱ ይልቅ ሳይጠመቅ መሞቱ እንዳስፈራው በኋላ ራሱ ጽፏል። አውግስጢኖስም በልጅነቱ በሆድ ሕመም ለሞት ተቃርቦ ጥምቀት ለምኖ ነበር። ሕመሙ ሲሻለው እናቱ ሞኒካ ነገሩን አቆየችው፤ ከጥምቀት በኋላ የሚሠራ ኃጢአት የበለጠ ይከብዳል ብላ ፈርታለት ነበር። አውግስጢኖስ ካደገ በኋላ ይህን በሐዘን ያነሣዋል። አልተጠመቀም፤ የፈለገውን ያድርግ የሚለው የዘመኑ አነጋገር፣ ቁስለኛን ገና አልዳነምና ይቁሰል ከማለት የማይለይ ሆኖ ታይቶታል።

ልብ በሉ፤ ጥምቀት ለድነት የግድ ነው ብሎ አጥብቆ ያምን የነበረው ትውልድ፣ ከጥምቀት እጅግ የራቀ ትውልድ ሆነ። ውሃውን እንደ መጨረሻ መድኃኒት ስላየው እስከ መጨረሻው አስቀመጠው።

ንጉሡና ጳጳሱ

አምብሮስዮስ ራሱ በዚህ ልማድ ውስጥ ያደገ ሰው ነበር። ከክርስቲያን ቤተሰብ ቢወለድም በ374 የሚላን አገረ ገዥ ሆኖ ሲሠራ ገና አልተጠመቀም ነበር። የከተማው ጳጳስ ሞቶ በምርጫው ላይ ሁከት ሲነሣ ሊያረጋጋ ቢሄድ፣ ሕዝቡ እርሱኑ ጳጳስ ይሁን ብሎ ጮኸ። በጥድፊያ ተጠምቆ ከስምንት ቀን በኋላ ጳጳስ ሆነ።

ቫሌንቲንያን በ375 ንጉሥ ሲባል የአራት ዓመት ሕፃን ነበር። እናቱ ዩስቲና የአርዮስን ወገን ትደግፍ ነበርና በ385 እና በ386 ቤተ መንግሥቱ ከሚላን አብያተ ክርስቲያናት አንዱን ለአርዮሳውያን አምልኮ እንዲለቅ አምብሮስዮስን አስጨነቀው። ጳጳሱ እምቢ አለ፤ ሕዝቡም ወታደር በከበበው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እየዘመረ አብሮት ቆየ። የአውግስጢኖስ እናት ሞኒካም በዚያ ጸሎት ውስጥ ነበረች። ብላቴናው ንጉሥ ያኔ በስም የአምብሮስዮስ ባላጋራ ነበር።

በ387 ተቀናቃኙ ማክሲሙስ ጣልያንን ሲወር ቫሌንቲንያንና እናቱ ወደ ተሰሎንቄ ሸሹ። ቴዎዶስዮስ በ388 ማክሲሙስን ድል አድርጎ ዙፋኑን መለሰለት። ወጣቱም የአርዮስን ትምህርት ትቶ በኒቅያ እምነት ጸና፤ ይቃወመው የነበረውን ጳጳስም እንደ አባት ወደደው። ሆኖም ሥልጣኑ የስም ብቻ ነበር። በቪየን እውነተኛው ገዥ የጦር አዛዡ አርቦጋስት ነበር። ንጉሡ የሽረት ደብዳቤ ቢሰጠው አርቦጋስት በፊቱ ቀደደው። ብዙም ሳይቆይ ንጉሡ ሞተ። አምብሮስዮስን የጠራው በዚህ ጭንቀት መካከል ሆኖ ነው።

በቀብሩ ላይ የተነገረው

አምብሮስዮስ በቀብሩ ሥርዓት ላይ ያደረገው ንግግር እስከ ዛሬ ተጠብቆ ይገኛል። እኅቶቹን ሲያጽናና ጥያቄያቸውን አልሸሸገም፤ ሳይጠመቅ በመሞቱ ማዘናቸውን መስማቱን በግልጽ ተናገረ። ከዚያም አንድ ጥያቄ መለሰላቸው። በእኛ እጅ ያለው ከመፈለግና ከመለመን ሌላ ምንድን ነው? ወንድማችሁ ይህን ለረጅም ጊዜ ፈለገ፤ ለመነም፤ ስለዚህ የለመነውን ጸጋ ተቀብሏል ሲል አጽናናቸው። ሳይጠመቁ ስለ ክርስቶስ የተሰየፉ ንኡሳነ ክርስቲያን በደማቸው ከታጠቡ፣ ይህንንም እምነቱና ፈቃዱ አጥበውታል አለ።

ይህ ንግግር ቀላል እንዳልነበረ ለማወቅ የዘመኑን ሌሎች ድምፆች መስማት ያስፈልጋል። የናዚያንዙ ጎርጎርዮስ ከ11 ዓመት በፊት፣ በ381፣ በቁስጥንጥንያ ስለ ጥምቀት ሲሰብክ፣ ጥምቀትን መፈለግ ብቻ እንደ መጠመቅ ይቆጠራል የሚለውን አሳብ አልተቀበለም። አምብሮስዮስ ራሱም ለአዲስ ተጠማቂዎች ባስተማረው ትምህርት፣ ንኡሰ ክርስቲያን በመስቀሉ ቢያምንም ካልተጠመቀ የኃጢአት ስርየት አያገኝም ብሎ አስተምሮ ነበር።

ታዲያ በሬሳ ሣጥን ፊት ሲቆም አሳቡን ለወጠ? እኔ እንደዚያ አላነበውም። በመማሪያው ክፍል ፊቱ የነበሩት መጠመቅ የሚችሉ ሕያዋን ናቸው፤ ለእነርሱ ቆይ ይደረሳል ብሎ መንገድ አልከፈተም። በቀብሩ ላይ ግን ፊቱ ያለው፣ ለመጠመቅ ተነሥቶ ሳለ ሞት የቀደመው ሰው ነው። ስለዚህኛው ሲናገር የእግዚአብሔርን ምሕረት በውሃ አልለካም።

አምብሮስዮስን የእኛን ቋንቋ የሚናገር ወንጌላዊ አማኝ አድርገን እንዳንሥለው መጠንቀቅ አለብን። በዚያው ንግግር ለሟቹ በመሥዋዕተ ቅዳሴ እንደሚጸልይለት ተናግሯል፤ በዚህ እኛ አንከተለውም። ነገር ግን በጨነቀው ሰዓት የያዘው እውነት ልናጤነው የሚገባ ነው።

ከእርሱ በፊትና ከእርሱ በኋላ

አሳቡ ከምንም አልተነሣም። በ203 በካርቴጅ፣ በዛሬዋ ቱኒዝያ፣ ፐርፔቱዋ የምትባል የ22 ዓመት ገደማ እናት ፌሊሲታስ ከተባለች ባሪያና ከሌሎች ጓደኞቿ ጋር ስለ እምነቷ ተያዘች። ሲያዙ ገና በጥምቀት ትምህርት ላይ ነበሩ። ፐርፔቱዋ በጥበቃ ሥር ሳለች፣ ወደ ወህኒው ከመወርወሯ በፊት ተጠመቀች። ስሙ ክርስቲያን መሆን ሞት በሚያስከትልበት ቀን ለጥምቀት ፈጠነች። ከመቶ ዓመታት በኋላ ክርስቲያን መሆን ሹመት ማስገኘት ሲጀምር ሰዉ ማዘግየት መጀመሩን ከዚህ ጋር አስተያዩት።

የዚያችው ከተማ ጳጳስ ቆጵርያኖስ በ256 በጻፈው ደብዳቤ፣ ሳይጠመቁ የሚሰዉትን ንኡሳነ ክርስቲያን የደም ጥምቀት የተጠመቁ ናቸው ብሎ በመስቀል ላይ የነበረውን ወንበዴ በምሳሌነት ጠቅሷል። በ387 ትንሣኤ በሚላን በአምብሮስዮስ እጅ የተጠመቀው አውግስጢኖስም ይህንኑ ወንበዴ ሲመረምር፣ ጊዜ ሳይበቃ ሲቀር የጎደለውን ሰማዕትነት ብቻ ሳይሆን እምነትና የልብ መመለስም ሊሞሉት እንደሚችሉ ጻፈ። ይኸው አውግስጢኖስ ሳይጠመቁ ስለሚሞቱ ሕፃናት ግን ጠንካራና አስፈሪ ትምህርት አስተማረ፤ ብዙ ወላጆችንም ለዘመናት ያስጨነቀ ትምህርት ሆነ።

በ12ኛው መቶ ዘመን የክሌርቮው በርናርድ በጉዳዩ ሲጠየቅ በአምብሮስዮስና በአውግስጢኖስ ላይ ተደግፎ መለሰ፤ የሚያስኰንነው ጥምቀትን ማጣት ሳይሆን መናቅ መሆኑን አስረዳ። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያንም በ1547 በትሬንት ጉባኤ ጥምቀት ለድነት የግድ ነው ብትል እንኳ፣ ለጥምቀቱ ያለውን ፍላጎት ከጥምቀቱ ጎን ጠቅሳለች። ከተሐድሶው ወገን ሉተራውያን በ1530 በአውግስቡርግ ባቀረቡት የእምነት መግለጫ ጥምቀት ለድነት አስፈላጊ መሆኑን ጻፉ። የእንግሊዝ ፒዩሪታኖች በ1640ዎቹ በዌስትሚንስተር ባወጡት መግለጫ ደግሞ ጥምቀትን ቸል ማለት ታላቅ ኃጢአት መሆኑን ተናግረው፣ ጸጋው ግን ያለ እርሱ ማንም እስከማይድን ድረስ ከውሃው ጋር የታሰረ አለመሆኑን አከሉ።

አንድ ሌላ ወጣት እዚህ ላይ መነሣት አለበት። በ1524 በዙሪክ ኮንራድ ግሬብልና ፌሊክስ ማንዝ ከጓደኞቻቸው ጋር በጻፉት ደብዳቤ የጥምቀት ውሃ በራሱ እንደማያድን ገልጸዋል። ይህን ያሉ ሰዎች ስለ ጥምቀት ግድ የማይሰጣቸው ይመስለን ይሆናል። ነገር ግን ጃንዋሪ 21 ቀን 1525 በማንዝ ቤት ተሰብስበው በእምነታቸው ምስክርነት እርስ በርስ ተጠማመቁ። የከተማው ምክር ቤት በ1526 ዳግመኛ የሚያጠምቅ በውሃ ሰጥሞ ይሙት ብሎ ደነገገ። ማንዝም ጃንዋሪ 5 ቀን 1527 እጁ ታስሮ በሊማት ወንዝ ተጣለ። ውሃው አያድንም ብሎ የጻፈ ሰው፣ ጌታ ያዘዘውን አልተውም ብሎ በውሃ ሞተ። በአገራችን ያለችው የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ከእነዚህ ሰዎች ወራሾች ከሜኖናውያን የሚስዮን ሥራ የተገኘች ናት።

ሁለቱን ጥያቄዎች እንለያቸው

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ ምን እንማራለን? መጽሐፍ ቅዱስ ሦስት ሰዎችን በፊታችን ያቆማል። በጌታ አጠገብ የተሰቀለው ወንበዴ አልተጠመቀም፤ ጌታ ግን በዚያው ቀን ከእርሱ ጋር በገነት እንደሚሆን ቃል ገባለት (ሉቃ. 23፥43)። ሲሞን ጠንቋዩ ተጠመቀ፤ ጴጥሮስ ግን ልቡ በእግዚአብሔር ፊት የቀና እንዳልሆነ ነገረው (ሐሥ. 8፥13-21)። በቆርኔሌዎስ ቤት የተሰበሰቡት ደግሞ ገና ሳይጠመቁ መንፈስ ቅዱስን ተቀበሉ፤ ጴጥሮስ ታዲያ ውሃው ከእንግዲህ ምን ያደርግላቸዋል አላለም፤ እንዲጠመቁ አዘዘ (ሐሥ. 10፥44-48)። በማርቆስ 16፥16 መዳን ለሚያምንና ለሚጠመቅ ተስፋ ሲሰጥ፣ ኩነኔው የተያያዘው ካለማመን ጋር ብቻ ነው።

የመጀመሪያው ጥያቄ ስለ ሟቹ ነው፤ አምኖ ሳይጠመቅ የሞተ ድኗልን? የሚያድነው በእምነት የምንቀበለው ክርስቶስ ነው። ወንበዴውን ያዳነ ጌታ ዛሬም ያው ነው። ስለዚህ ለቅሶ ቤት ስንሄድ በሐዘንተኞች ላይ ሌላ ሸክም አንጨምር። የዩስታና የግራታን ዓይነት እንባ የሚያነባ ቤተሰብ በመካከላችን ሲኖር፣ አሳባችንን በክርስቶስ ምሕረት ላይ እናሳርፍ።

ሁለተኛው ጥያቄ ስለ እኔና ስለ አንተ፣ ስለ አንቺ ነው፤ አምኜ ሳለሁ ብዘገይስ? ወንበዴው ለዚህ ጥያቄ መልስ ሊሆን አይችልም። እርሱ እጆቹ በእንጨት ላይ ነበሩ፤ የእኛ እጆች ነጻ ናቸው። ለሟቹ የተነገረውን ማጽናኛ ለሕያው ሰው ማመካኛ ማድረግ ቃሉን ማጣመም ነው። ቫሌንቲንያንን ያጽናናው ቃል የተሰጠው ለለመነ ሰው ነበር፤ ለማይለምን ሰው አልተሰጠም።

በ4ኛው መቶ ዘመን የነበሩት ጥምቀት ያድናል ብለው ዘገዩ። እኛ ደግሞ ጥምቀት አያድንም ብለን እንዘገያለን። መነሻው ተቃራኒ፣ መድረሻው አንድ ሆነ። አንዳንዱ ገና አልበቃሁም፤ ተጠምቄ ብወድቅ የጌታን ስም አሰድባለሁ ይላል። ይህ ሞኒካ ለልጇ የፈራችው ፍርሃት ነው። ጥምቀት ለበቁ ሰዎች የሚሰጥ ሽልማት ቢሆን ኖሮ ማንም አይጠመቅም ነበር። ጴጥሮስ ስለ ጥምቀት ሲጽፍ የሥጋን እድፍ ስለ ማስወገድ ሳይሆን በክርስቶስ ትንሣኤ ላይ ስለ ተደገፈ ከልብ ወደ እግዚአብሔር የሚቀርብ ልመና ይናገራል (1 ጴጥ. 3፥21)። ለማኝ የሚቀርበው ስለጎደለው ነው።

ሌላው የሚፈራው ቤተሰቡን ነው። በሕፃንነቱ ተጠምቆ ያደገ ወጣት ዳግመኛ መጠመቁ ወላጆቹን እንደ መካድ ሊቆጠርበት ይችላል። ይህን ሸክም ማቃለል አይገባም። ከወንጌላውያን መካከልም መካነ ኢየሱስ ሕፃናትን ስታጠምቅ፣ ቃለ ሕይወት፣ ሙሉ ወንጌልና መሠረተ ክርስቶስ እምነቱን በራሱ አንደበት የመሰከረውን ያጠምቃሉ። በዚህ ጉዳይ ያላችሁ ሁሉ ብቻችሁን አትቁሙ፤ ከሽማግሌዎችና ከአስተማሪዎቻችሁ ጋር በግልጽ ተነጋገሩ፤ ወላጆቻችሁንም በአክብሮት አስረዱ። ሲነጋገሩ የሚያልፈው ጊዜ ማዘግየት አይባልም። ዝም ብሎ ማሳለፍ ግን ማዘግየት ነው።

በሐዋርያት ሥራ 8 ላይ የምናገኘው ኢትዮጵያዊው ጃንደረባም የሚያዘገይ ምክንያት አላጣም ነበር። ባለ ሥልጣን ነው፤ መንገደኛ ነው፤ ወደ ንግሥቲቱ ሕንደኬ ቤተ መንግሥት ሲመለስ የሚጠብቀውን አያውቅም። ስለ ክርስቶስ ከፊልጶስ የሰማው በዚያው በሠረገላው ላይ ነው። በመንገዱ ዳር ውሃ ባየ ጊዜ ግን እንዳይጠመቅ የሚከለክለው ምን እንደሆነ ጠየቀ፤ ሠረገላውም እንዲቆም አዘዘ። ተጠምቆ ሲወጣ ፊልጶስን ዳግመኛ አላየውም፤ ደስ እያለው መንገዱን ቀጠለ። እናንተስ፣ የሚከለክላችሁ ምንድን ነው?